ሁለት ዓምድ

በኮርንዎል ዳርቻ፣ በፖርትኬረን ወደብ፣
ባሕር የተፋውን ስለቅም፣ ስመዘግብ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ኖርኩኝ በዚያች ጠባብ
ቢሮ፣ ጨው በበላት፣ በመስኮቷ ግርግብ።

ሁለት ዓምድ ነበረው ሰማያዊው መዝገብ፣
በየራሱ ላይ ቃል በቀይ የሚነበብ፤
ፍሎትሳም በግራው፣ ጄትሳም በቀኙ።
ላንደበት መንትዮች፣ አንድ ጡት የጠቡ፣
ለሕግ ግን ባዳ፣ ፍጹም የማይቀርቡ።

መርከብ ስትሰበር፣ ሳትፈቅድ፣ ሳትወድ፣
ከሆዷ የወጣ በማዕበል መንገድ፣
ተንሳፎ የመጣ፣ ሣጥን ይሁን ግንድ፣
ፍሎትሳም ይባላል፤ የለበትም ፈቃድ።

ጄትሳም ግን የእጅ ነው።
ውኃ እስካፍ ገደፏ መርከቧን ሲሞላት፣
«ጣሉ! ጣሉ!» ሲባል፣ ሸክሟን ሊያቀሉላት፣
ሰው አንሥቶ የጣለው፣ ጥጡንም ሻዩንም፤
መርከብ ትዳን ብሎ ነው፣ ጠልቶት ግን አይደለም።

ጥርሱ የረገፈ ፒያኖ አይቻለሁ፣
ሸርጣን የወለደችበት፤ ፍሎትሳም ብያለሁ።
አንዲት የሕፃን አልጋ ባዶዋን መጥታለች፣
ማንም ሳይጠይቃት በግራ ተጽፋለች።
ገመዱ በስለት የተቆረጠ በርሜል፣
ጄትሳም ነው ብያለሁ፤ ቢላ አይዝም ማዕበል።

እንዲህ ነበር ሥራው፤ ስንዴ ከእንክርዳድ።
እስከዚያ ማክሰኞ። እስከዚያ የኖቬምበር ጉድ።

ቴምሲን ናንካሮው ገባች፣ ዝናብ ተከናንባ፣
እቅፏ ላይ ጥቅል፤ ፊቷ ላይ የለም እንባ።
በሩን አልዘጋችው።
ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈችው፦
አንድ የሱፍ ካፖርት፣ ቁልፎቹ የተፈቱ፤
ሁለት ረጅም ቦት፣ በማሰሪያ ጅማቱ
እርስ በርስ ታስረው፣ እንደ ባልና ሚስቱ።

«የጆሪ ነው» አለች። ዝም አልኩኝ። ምን ልበል?
ጀልባው ከሰጠመ ዘጠኝ ቀን አልፎታል፤
ካባቱ ከዴንዚል አፍ አልወጣም አንድ ቃል።
ተጣልተው ነበራ፣ ያን ዕለት ማለዳ፣
ለተቀደደ መረብ፣ ለማትረባ ዕዳ።
መንደሩ ሹክ ይላል፦ «ልጁ ራሱን ጣለ፤
ካባቱ ቢጣላ፣ ባሕር ይሻላል አለ።»

ብዕሬን አነሣሁ። እጄ ወደ ግራ፣
ወደ ፍሎትሳም ሄደ፣ ለእናትነቷ ራራ።
«ባሕሩ ነው» ልላት፤ «ፈቃድ የሌለበት፤
ማንም ያልጣለው ነው፤ ማንም ያልገፋበት።»

እጄን ያዘችኝ።
ጣቷ ቀዝቃዛ ነው፣ ቅርፊት እንደ ፋቀ።
«ቋጠሮውን እየው» አለች፤ ድምጿ ደረቀ።
«ባምስት ዓመቱ፣ ወጥ ቤት፣ በወንበር እግር ላይ
እኔ ያስተማርኩት ነው። ማዕበል ያስራል ወይ?
ስድስቱን ቁልፍ ፈታ፣ በዚያ ጨለማ፣ በዚያ ዶፍ፤
ቦቱን አስሮ ሳንቃ ላይ ሰቀለው፣ እንዳይጠፋ፣ እንዳይረግፍ።
ሊሞት የቆረጠ ሰው ለጫማው ይጨነቃል?
ሊዋኝ ነው። ሊቀለው ነው። ሊመጣ ነው። ይገባሃል?
የጣለው ጫማውን ነው፤ ራሱን ግን አይደለም።
ጄትሳም ብለህ ጻፈው። ሌላ የምለምነው የለም።»

ጻፍኩት።

ካፖርቱን ለበሰችው፣ እርጥቡን፣ እንዳለ፤
ስድስቱን ቆለፈች፤ አንዱም አልጎደለ።
በመስኮት አየኋት፣ ቁልቁል፣ ወደ ዴንዚል፣
አንድ ቃል ተሸክማ፣ ከፋኖስ የሚቀል።

ያን ማታ፣ ሻማዬን አብርቼ፣ ብቻዬን፣
መቁጠር ጀመርኩ የራሴን፣ የጎደለኝን፦
የወንድሜን ደብዳቤ፣ የላቭዴይን ቀለበት፣
ሰው ፊት ሳልፈራ የምስቅባት ያቺን ጉልበት።
ተንሳፎ ነው የሄደው? ወይስ እኔ ጣልኩት?
ከጣልኩትስ፣ የትኛው መርከብ ይድን ብዬ ነው?

በባዶ ወረቀት ሁለት ዓምድ አሰመርኩ።
እስካሁን ባዶ ነው።

ቦቱ ግን እዚሁ ነው፣ ከበሩ ሥር፣ ከግድግዳው ጋራ።
የመቆያው ጊዜ አልፏል፤ ማንም አልመጣም ሊወስደው።
አቧራውን እጠርጋለሁ። ቋጠሮውን አልነካም፤
ብፈታው፣ መልሼ ማሰር አላውቅምና።