ከሰማንያ ሰባት አንድ

ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ሳምንት
ማማዷን ለመነኝ፣ የብረት በር ያላት።
«ለምንህ?» ብለው፣ «ለባቡር ነው» አለኝ፤
ሃያ ሁለት ዓመት ፉርጎ ሲጠርግ ኖሮ፣ አልጠገበም መሰለኝ።

ፍራሹን አወጣሁ፣ የፋሲካ ሳህን የታሸገበትን ካርቶን፣
መዞር ያቆመችውን ማራገቢያችንን።
እሱ ከመንገድ ዳር የበር ሳንቃ አስገባ፣ ጎረቤት የጣለው፤
በአራት ጀሪካን ላይ አጋደመና፣ «መሬት» አለው።

ልኩን አስረዳኝ አዛናው፣ በጣቱ እየለካ፤
የእውነቱ ሰማንያ ሰባት ሲሆን የእኛ አንድ ነው ለካ!
ፉርጎ ስንዝር ተኩል፣ ሰው ጥፍር የሚያህል፤
ከሎድ ቤር ሼቫ ለመሄድ አንድ እርምጃ ይበቃል።

ተራራም ሠራ፣ የእንቁላል ካርቶን ደራርቦ፣ ጋዜጣ በሙጫ ነክሮ፤
«ስሜን ነው?» ስለው፣
«የት አይተሽ! ከሲሚንቶ ፋብሪካው ማዶ ያለው ክምር ነው» አለኝ፣ ጀርባውን አዙሮ።
ሣሩ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ነው፣ በመቀስ ደቅቆ፣
አረንጓዴ ቀለም ጠጥቶ፣ በረንዳ ላይ ደርቆ።
የሐዲዱን ጠጠር ከድመት አሸዋ፣ በዱቄት ወንፊቴ ነፋው፤
ወንፊቴን ብጠይቀው፣ «እንጃ» አለ የት እንዳጠፋው።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሽቦ ሲበይድ
ጭሱ ያነቃኛል።
ድሮም በዚህ ሰዓት ነበር የሚመጣው፣
እጁ በረኪና በረኪና እየሸተተ።
አንድ ጊዜ የሕፃን ጫማ ይዞ ገባ፣ አንድ እግር ብቻ፣
የጠፋ ዕቃ ቢሮ አልቀበልም ያለውን።
ዓመት ሙሉ መስኮታችን ላይ ተቀመጠ፣
እናትየው በመንገድ ብታልፍ እንድታየው።

ሰዎቹ ከጀርመን በፖስታ መጡ፣ ሃያ አራት በሳጥን፦
ሻንጣ የሚጎትት፣ ጋዜጣ የሚያነብ፣ ውሻ የያዘች፣
ሁሉም እንደተላጠ ሽንኩርት ነጭ።
«ይህ ደግሞ የየት አገር ሎድ ነው?» አልኩ።
የልጄን የዘሃቪትን ቡናማ የጥፍር ቀለም አመጣሁ፤
በመርፌ ጫፍ አንዱን ጠይም፣ አንዷን ቀይ ዳማ፣ አንዱን ጥቁር ቀባሁ።
ለአንዷ ሻሽ፣ ለአንዱ ኪጳ፣
ሦስቱን ግን እንዳሉ ተውኳቸው፣ ለእነሉድሚላ።

ሳይረኑ የጮኸ ለት ሉድሚላ ከነድመቷ ወረደች፤
የሷ የብረት በር አልዘጋ ብሎ ከከረመ ቆይቷል።
በሳንቃውና በግድግዳው መሃል ተጣበቅን።
አዛናው ምንም ሳይል ቁልፉን ጠመዘዘ፤
ባቡሩ ሄደ።
ግድግዳው ሁለት ጊዜ ነዘረ፣ ከዛፎቹ አንዱ ወደቀ፤
ባቡሩ ሰዓቱን ጠበቀ።
ሉድሚላ ጎንበስ ብላ አየችና፣
«ቀዩ መብራት ሽቦው ተገላብጧል» አለች።
ካርኮቭ ውስጥ የባቡር ምልክት መሐንዲስ እንደነበረች
የዚያን ቀን ሰማን፣
አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ደረጃ ወጥተን ወርደን።

ከሃያ አራቱ መሃል
መጥረጊያ የያዘ ሰው አልነበረም።
አዛናው አላነሳውም፣ እኔም አልጠየቅሁም።
ከዘራ የተደገፈውን ሽማግሌ ወሰድኩ፣
ከዘራውን ቆረጥኩ፣
ከጥርስ ብሩሽ ሰባት ፀጉር ነቅዬ በክር አሰርኩለት፣
ብርቱካናማ ሰደርያ ቀባሁለት፣
መብራቱ ደከም ከሚልበት፣ ከመድረኩ ጫፍ አቆምኩት።

ሦስት ቀን ዝም አለ።
በአራተኛው፣ ራት ላይ፣ ዳቦውን እየቆረሰ፣
«መጥረጊያው በዝቷል፣ ለሰማንያ ሰባት ልክ አይሆንም» ብሎ ተነሣ፤
በጥፍር መቁረጫ ከርክሞት ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ ባቡሩ እዚያ ጣቢያ ሲደርስ ይቆማል፣
ሰው ወርዶ፣ ሰው ተሳፍሮ ከሚያልቅበትም በላይ ይቆያል።
«ምን ይጠብቃል?» አልኩት።
እጁን ከቁልፉ ላይ ሳያነሣ፣
«ሳይጠረግ አይሄድም» አለኝ።