የባዶ ጎጆ ግብር

እርሳሱ አጭር ነው፤ የጥርስ ምልክት አለበት፣
ያኘክሁት እኔ ነኝ፣ ቁጥር ሲጠፋኝ በድንገት።
መዝገቡን በብብቴ፣ ቀይ ድጉን በወገቤ፣
የመንግሥት ጎጆ ቆጣሪ ነኝ፤ ዛሬ ተራው የቤተሰቤ።
ለአንድ ጎጆ ሦስት ሩፒ ነው የወረደው ትእዛዝ፤
«ጣሪያ ቁጠር» ተብያለሁ፣ «ሰው አትቁጠር፣ አትፍዘዝ።»

የአባቴ ግቢ ከሐይቁ በላይ፣ በቁልቋል አጥር ታጥሮ፣
የታላቂቱ ጎጆ ከበሩ ትይዩ፣ እንደ ወጉ፣ እንደ ድሮ፤
ከጎኗ የእናቴ፣ የአኬዮ፣ የሁለተኛዪቱ ሚስት፣
ምርጊቱ ላይ ጣቷ የሳለው ማዕበል ያለበት።

አኬዮ ማለት በአጨዳ የተወለደች ማለት ነው፤
እኔን ደግሞ በዝናብ ወልዳ ኦኮት አለችኝ፤ ስሜ ይኸው።
አባ ኮርኔሊስ ግን ውሃ አፍስሰው ጴጥሮስ አሉኝ በላዬ፣
ያኔ ዝም አልኩ በሆዴ፣ «ዝናቡስ ውሃ አልነበር?» ብዬ።

የታች ስድስት ጥርሶቿን ያወለቁላት በልጅነቷ፣
ወገኗ የሚለያት በዚያ ነው፤ ክፍተቱ ነው ማኅተሟ፣ ውበቷ።
ስሜ በዚያ ሲወጣ ነፋስ ነገር ይነካካዋል፣
ኦኮት ስትል ያፏጫል፤ ጴጥሮስ ስትል ይሰበርባታል።
የእኔ ጥርስ ሙሉ ነው። አባ «የአረማዊ ነው» ብለው አስቀሩት፤
በሙሉ ጥርስ ነው የምነክሰው፣ ይህንን እርሳስ የምቆጥርበት።

ቁጥር የተማርነው በባቄላ ፍሬ፣ ከጸሎት ቤቱ ጥላ ሥር፤
«አንድ አምላክ፣ አንድ ነፍስ፣ አንዲት ሚስት» እያልን በመደመር።
ከአንድ በላይ ያለውን ሁሉ እንደ ትርፍ አየሁት፤
እናቴም ትርፍ እንደሆነች ያወቅሁት ኋላ ነው፣ ማታ፣ በጨለማው ቤት።

አባቴ ኦጎላ ከፋሲካ ማግስት ዮሴፍ ሊባል ቆረጠ፤
አስመሳይ እንዳትሉት፤ መዝሙሩን ሲሰማ ልቡ በእውነት ቀለጠ።
አባ ኮርኔሊስም በትሕትና፣ በተሰባበረ ቋንቋችን፣
«አንዲቱን ያዝ፣ አንዲቱን ልቀቅ» አሉት፣ ከደጃፉ፣ ፊታችን።
ክፉ ሰው አልነበሩም። ሲያተኩሰኝ ሦስት ሌሊት ተቀምጠዋል ከእግሬ ሥር፤
ቤታችንን ለሁለት የከፈለው ደግ ሰው ነው፤ ይኼ ነው የሚከብደኝ ነገር።

እናቴ አልጮኸችም። በርጩማዋን በራሷ፣ ዶሮዋን በብብቷ፣
ወደ ወንድሞቿ ሄደች፤ በምድጃው ሳይከስም እሳቷ።
የተዳረችባቸው ከብቶች ግን እዚያ በደዌ አልቀዋል፣
ጥሎሿ ያልተመለሰ ሴት ሚስት ናት? እንግዳ ናት? ማን ያውቃል?

እንግዲህ ቆሜያለሁ፣ መዝገቡ ክፍት፣ ከጎጆዋ ደጅ፤
ለቤተ ክርስቲያን አንድ ነው፤ ለመንግሥት ግን ሁለት እንጅ።
ለአባ ሚስት አይደለችም፤ ኃጢአት ናት የተወገደች፣
ለመንግሥት ጎጆዋ እስከቆመ ድረስ ግብር ከፋይ ነች።

ጭስ የለም። ድሮ ሽማግሌዎች ቤት የሚቆጥሩት በጭሱ ነበር፤
ጎሕ ሲቀድ ከኮረብታው ቆመው፣ «ያውና ሰው አለ» በማለት፣ በመቁጠር።
እኔ የተማርኩት ቁጥር ጭስና ጣሪያ አይለይም፤
ሸረሪት የተከራየችውን ጎጆ እንኳ አይምርም።

አባቴ ወጣ። መስቀሉን በአንገቱ አጥልቆ፣ ዐይኑን መሬት ተክሎ፣
«ጴጥሮስ» ብሎ ዝም አለ፤ ቆየና «ኦኮት» ብሎ፣
«ላፈርሰው ሞከርኩ» አለኝ፣ «መጥረቢያ አንስቼ፣ ጸሎት አድርሼ፤
ጣቷ የሳለው ማዕበል ጋ ስደርስ ግን መጣሁ ተመልሼ።»

ሁለት ብዬ ጻፍኩ። ሦስቱን ሩፒ ከደመወዜ ቆጠርኩ።
«የባለቤት ስም» ይላል ዓምዱ፤ እዚያ ላይ ነው የተቸገርኩ።
ባለቤት የቤት ጌታ ነው፤ ባለቤት ሚስትም ናት፤
ሁለቱንም የተነጠቀችን ሴት በየትኛው ልጻፋት?
በጥምቀት መዝገብ የለችም፤ በጋብቻው አልገባች፤
በዚህ በግብር ደብተር ብቻ፣ አኬዮ፣ ዛሬ ተጻፈች።

ፊደሉ ትንሽ ጠመመ።
ደረሰኙን ከክዳኑ ሣር መሃል ሸጎጥኩት፣
የማሽላ ዘር ትደብቅ ከነበረበት።
ቀጣዩ ጎጆ የጎረቤት ነው። ውሻቸው ያውቀኝ ነበር፤
ዛሬ ይጮህብኛል።