ካርዱማ ባዶ ነው

ሱቄ ጠባብ ናት፣ ከመናኸሪያው ማዶ፣
የመጣ ይሞላል፣ ካርዱን ይዞ ባዶ።
ፊልም፣ ዘፈን፣ ስብከት፣ የኳስ ጎል፣ መዝሙር፣
ለባጃጅ ነጂ፣ ለደብተራ፣ ለወታደር፤
ግድግዳው ላይ ለጥፌያለሁ፦ «ለምን? አንልም»፣
ዓይን የባለቤቱ ነው፤ ዳኛ አላቆምም።

በልጅነቴ፣ አባቴ ሬዲዮ የሚሰማው ሌሊት ነበር፣
ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በብርድ ልብስ ሥር፤
እናቴ በር ላይ ቆማ ስትጠብቅ፣
ሰው ሲያልፍ ትስላለች፣ እሱ እንዲጠነቀቅ።
ያ ሳል ጆሮዬ ውስጥ ስላለ እስካሁን፣
«አትይ» ለሚል ሁሉ አልከፍትም በሬን።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ገበያው ሲደራ፣
አንድ ልጅ ገባ ብቻውን፣ ዓይኑ የፈራ፤
ዕድሜው ዘጠኝ ቢሆን፣ ቢበዛ አሥር፣
የቆሮሶ ቅርፊት ያበራል ጥፍሩ ሥር።
«ስምህ ማን ነው?» አልሁት። «እንየው» አለኝ፣
ከላበው መዳፉ ካርድ አወጣልኝ።
የአጎቱ ነው። አወቅሁት፤ የጫንሁት እኔ ነኝ፣
ባለፈው ሳምንት ማታ፣ ሳልጠይቅ፣ ሳይነግረኝ።

«አጥፋልኝ» አለ።
«የቱን?»
«ያየሁትን።»

ሥራ ነው፤ እጄ ለምዶታል፤ ሁሉን መረጥሁት፣
በአንዲት ጠቅታ ጠረግሁት፣
ዜሮ ሲል አሳየሁት።
«ይኸው፣ ካርዱማ ባዶ ነው።»
ልጁ ስክሪኑን አየው፣
ከዚያ ጣቱን ግንባሩ ላይ አድርጎ
«ከዚህስ?» አለኝ፣
«በየት በኩል ነው ማጥፊያው?»

አምስት ብር ዘረጋልኝ። አልተቀበልሁትም።
ብሩን አጥፎ ሄደ፤ ዞሮ አላየኝም።

እናቱ ስትሰይመው «አድጎ እንየው» ብላ ነው፤
እኛ ስሙን ወስደን ለስክሪን ሰጠነው።

ሱቄን ሳልዘጋ ተነሥቼ ወጣሁ፣
ዓባይ ከጣና ሲለይ፣ ጨረጨራ ደረስሁ፤
የብረት በሮቹ እኩሌታው ዝቅ፣ እኩሌታው ቀና፣
ውኃው በመጠን ነው የሚወጣው ከጣና።
«እነሆ ምሳሌ» ብዬ ልረካ ስል፣
በሩ ሲከረቸም ጢስ ዓባይ ምን ሆነ? ጢስ የሌለው ገደል።
በሩ ሲበረገድ ደግሞ ጣና ይሸሻል፣
የታንኳው ገመድ ጭቃ ላይ ይቀራል።
ምሳሌው በሁለት በኩል ይቆርጣል። ትቼው ተመለስሁ።

ከሐይቁ ዳር ወርጄ አባቱን ፈለግሁ፣
ገደፋዬን፣ ደንገል እያሰረ ታንኳ ሲሠራ አገኘሁ።
ልነግረው ነበር የመጣሁት። ምላሴ ታሰረ፤
ስለ ታንኳ ጠየቅሁት፤ እሱም ጀመረ፦
«ደንገል ውኃ ይጠጣል፣ ሳታየው፣ ቀስ እያለ፤
ፀሐይ ላይ ካላቆምኸው ሰው ይዞ ይሰምጣል፣ ደህና እየመሰለ።»
«ልጁንስ? ብቻውን ትለቀዋለህ?»
«እለቀዋለሁ እንጂ! ውኃ ሳይነካ ዋና ይለምዳል ብለህ?
ዘንጉ መሬት እስኪያጣ የራሱ ጌታ ነው፤
መሬት ሲያጣ እኔ አለሁ ከጎኑ፣ ይወቀውም አይወቀው።»

እኔ በጫንሁት ውስጥ መሬት የት ነበረ?
ዘንግስ ማን ሰጠው? ከጎኑስ ማን አደረ?
ሳልነግረው መጣሁ። ይኼም አለብኝ።

ግድግዳው ላይ ያለው ጽሑፍ አልተነሣም፤
«ለምን?» አሁንም አልልም።
«ለማን?» ግን እላለሁ።
«ፖሊስ ሆንህ እንዴ?» ብሎ አንዱ ካርዱን ነጥቆኝ ሄደ፣
ጎረቤቴ ጋ ሞልቶ ሲወጣ አየሁት፤ ገበያዬም ወረደ።

ትናንት አንድ ሹፌር ስክሪኑ ላይ ሲያማርጥ፣
እንየው ዘንቢሉን ይዞ ከደጄ ሲያቋርጥ፣
ሳላስበው
ሳልሁ።
ሹፌሩ ስክሪኑን አዞረ። ልጁ አለፈ።
በጉሮሮዬ ውስጥ እናቴ
በር ላይ ቆማ ነበር።