ብርቱካን ናስትሮ

ከጠባሴ ማዶ፣ ውርጭ ከሰው ቀድሞ ሥራ በሚገባበት፣
የወይዘሮ ልክየለሽ የሱፍ ፋብሪካ አለ፤ ፋብሪካ ካሉት።
አንድ የቆርቆሮ ጣራ፣ አንድ የበግ ጠጉር ክምር፣
ያገሩን ቮልት ካልቀመሰ አፉን የማይከፍት
ከጨረታ የተገዛ ሞተር።

ለሱ ብለን ነው ይኼን ትራንስፎርመር
ከፈረሰ ካምፕ ጓሮ ጎትተን ያወጣነው፣
በአይሱዙ ጭነን፣ እንደ ታመመ ሽማግሌ ግራና ቀኝ ደግፈን
ዳገቱን ያመጣነው።
ሆዱ ላይ የባዕድ ጽሑፍ፣ ጎኑ ላይ የዘይት ላብ፤
ዝም ያለ፣ ግን የሚያስብ።

ጋሽ ወንድይፍራው ክዳኑን ፈታ፤ መለኪያውን ደገነ።
አንደኛው እግር ከመሬት፦ መቶ ሃያ ሆነ።
ሦስተኛውም መቶ ሃያ።
መካከለኛው ግን ሁለት መቶ ስምንት!
መርፌዋ እንደ በረገገ ፈረስ ዘለለች፤
እኔም ወደ ኋላ፣ ሁለት እርምጃ፣ በድንጋጤ ብዛት።

«ተበላሽቷል» አልኩ። «ጉልቻም አንዱ ከረዘመ ድስት ይደፋል።
ይኼ እብድ እግር ተቆርጦ ይጣል፤ አለዚያ ሰው ይገድላል።»

ሳቀ። የሳቁ እንፋሎት ብርዱ ላይ ትንሽ ቆየ።
«እስቲ እርስ በርስ ለካቸው» አለ። ለካሁ፣ ዓይኔ እያየ፦
አንዱን ከሁለተኛው፣ ሁለት መቶ አርባ፤
ሁለተኛውን ከሦስተኛው፣ ሁለት መቶ አርባ፤
ሦስተኛውን ካንደኛው፣ ያው ሁለት መቶ አርባ።
«እርስ በርስ ሲተያዩ እኩል ናቸው፤ ማንም ማንን አይበልጠው።
ከመሬት ሲለኩ ነው አንዱ የሚረዝመው።
የሁለቱን ጥቅል ወገቡ ላይ ይዘው ከመሬት አሰሩት፤
እነሱ ግራና ቀኝ ቆመው ተካፈሉት፤
እሱ ከማዶ ቀረ።
ቁመት አይምሰልህ፤ ርቀት ነው።»

መሬት አለ።
ቃሉ የት እንዳረፈ አያውቅም።

እኛም ሦስት ነን፣ የሰላ ድንጋዩ የድልነሳሁ ልጆች።
አባታችን ሲሞት ማሳው ወገቡ ላይ ተቆረጠ፤
ለታላቄ ለዘውገ ግማሽ፣ ለኔ ግማሽ ተሰጠ።
መሐለኛው ላቀው የመኪና ረዳት ነበር፤ «እንጀራ አለው» አልነው።
በተዝካሩ ቀን ብዕር አቀብለን
«ፈርምና ቤቱን አብራው» አልነው።
ነደደ። ብርጭቆ ሰበረ። እብድ አልነው።
የኔም ግማሽ ላንድ ጥማድ መዞሪያ አልበቃ፤
ይኸው ብሎን እፈታለሁ።

ማታ፣ ያውም ተነግሮኝ፣
የዘበኛውን አምፖል ከመካከለኛው እግር ቀጠልኩ።
ላፍታ ግቢው ቀትር ሆነ፤ የሱፉ ክምር በረዶ መሰለ፤
ከዚያ ጧ! ስብርባሪ፣ ጨለማ፣
የአባ ሻውል እርግማን ተከተለ።

«መብራት አትጠይቀው» አለኝ ጋሽ ወንድይፍራው በማግስቱ፣
ብርቱካን ቀለም ናስትሮ እግሩ ላይ እየጠመጠመ።
«ምልክት አድርግለት እንጂ አትጥላው። ያለሱ ሞክር፤ ስማ።»
ገመዱን ነቀለ፤ ሞተሩን ለኮሰ።
እምምምም…
እንደ ታፈነ ለቅሶ አቃሰተ እንጂ አልዞረም።
አጠፋ። መልሶ አሰረ።
ማበጠሪያው ጥርሱን ገለጠ፤ ቆርቆሮው ተርገፈገፈ፣
የሞላሌ በግ ጠጉር እንደ ጉም ከጥርሱ ላይ ገዘፈ።

«ሦስት ፌዝ» ሲሉኝ ቀልድ ይመስለኝ ነበር ድሮ፤
ፌዙስ የኛ ነው፣ በሁለት ይዞራል ያልነው ኑሮ።

የተረፈው ናስትሮ ኪሴ ውስጥ ነው።
ላቀው ሸዋ ሮቢት አለ ይሉኛል፣ ከጣርማበር ወዲያ፣ ቆላ።
ሰባት ዓመት ያልደወልኩበትን ቁጥር ነካሁት።
«ማነው?» አለ፤ ድምፁ ያው ሁለት መቶ ስምንት።
ስለ መሬቱ ልል ነበር።
«እዚያ ብርቱካን ኪሎው ስንት ገባ?» ብዬ ጠየቅሁት።