ነፍስ በጥርስ

ነጯ ጀልባ መጣች፣ የጥርስ ሐኪሟ ጀልባ፣
በሁለት ወር አንድ ቀን፣ ማዕበል ካልከለከላት እንዳትገባ።
መልሕቋን ገና ሳትጥል ወረፋው ሞልቷል ከዳር፤
ጉንጯን በሻሽ የጠቀለለች ባልቴቷ ፒላር፣
ሁለቱ የኑኔስ ልጆች፣ ከረሜላ እንደ ጎረሱ፣
የሚነቀል ጥርስ ሳይኖራቸው ቀድመው የሚያለቅሱ።
አንተ ግን፣ ኤሊዮዶሮ፣ ቆመሃል ከኋላ፣
እንደ ተከሰሰ ሰው፣ ዓይንህ ወደ ሌላ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ባህር የወረድከው፣
ለአንዲት ቀጭን መርፌ ጉልበትህን ምን ነካው?

"ጥርሱን ነክሶ ኖረ" ይባላል ለታገሠ፤
ላንተ ግን ተረት አይደለም፤ ጥርስህ ነው የነከሰ።
የባህር ጃርት ስትለቅም ከታች፣ በዚያ ጨለማ፣
ትንፋሽህ የሚመጣው በነከስከው ጎማ፤
እኔ ከላይ፣ ከጀልባው፣ ቱቦውን ይዤ፣
ሞተሩን አደምጣለሁ በቺሎዌ ዝናብ ደንዝዤ።
በገመዱ ነው ወሬያችን፦ አንድ ሳብ "ደህና ነኝ"፣
ሁለት ሳብ "አውጪኝ"።

ስለዚህ መንጋጋህ ሲያብጥ፣ ሌሊት ስትንቆራጠጥ፣
ቅርንፉድ በጉንጭህ ይዘህ ግድግዳ ስትቧጥጥ፣
"ያልፋል" ስትለኝ ሦስት ወር፣
አላመንኩህም ነበር።

ዶክተር ያስና መብራቷን ጉሮሮህ ድረስ ሰደደች፤
በትንሿ መስታወት ዞረች፤ ዝም አለች፤ ጎንበስ አለች።
"ፒፓ ታጨሳለህ? የፊት ጥርስህን ምን በላው?
ግራና ቀኝ ተቦርቡሮ ቅርጹ የጨረቃ ነው።"
"ኧረ የለም" አልኳት እኔ፣
"የሚተነፍስበት ነው።"

ራጁን ወደ መስኮቱ አንሥታ አሳየችን፦
"ይኼኛው አብቅቷል፤ ዛሬውኑ ይነቀል።
ያኛው ሥሩ ይጠረግ፣ ይሞላ፣ ዘውድ ይደረግለት ቢባል፣
ሦስት ቀጠሮ ይፈልጋል፤ እኔ የምመጣው በሁለት ወር፤
ግማሽ ዓመት ነው እንግዲህ፣ ዋናው ደሴት ካልተሻገርክ በቀር።"
ብሎን አጥንት ላይ ተክሎ ጥርስ ማቆምም አለ፤
ዋጋውን ስሰማ ሞተሩ ትዝ አለኝ፣ ዕዳው ያልተከፈለ።
ወይም ተነቃዩ ጥርስ፣ ማታ ብርጭቆ ውስጥ የሚያድር።

አንተ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅህ፣ አፍህ እንደ ተከፈተ፣
ከንፈርህ በማደንዘዣ ግማሹ እንደ ሞተ፦
"ጎማ ይይዛል?"

አልሳቀችም ሐኪሟ። ወንበሯን አስጠጋች።
"ጎማህን አምጡልኝ፤ ልየው" አለች።
ሮጬ አመጣሁት፣ ጨው የበላውን፣ ጥርስህ የታተመበትን።
ሮዝ ሰም አስነከሰችህ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠች፣
ሰሙንና ጎማውን፤
አንድ ሰው ሁለት ጊዜ የፈረመው ደብተር ይመስሉ ነበር።

ከዚያ ጉጠቱ መጣ።
እጄን ያዝክ፤ ጣቴን ሳብክ።
አንዴ አይደለም። ሁለቴ።
እኔ ግን፣ ይቅር በለኝ፣
አላወጣሁህም።
መግሉ ወደ አንገትህ እየወረደ መሆኑን ነግራኛለች፤
ዓይኔን ጨፍኜ፣ ቱቦውን እንደምይዝ ያዝኩህ።
ሥሩ ሲወጣ የደረቀ ቅርንጫፍ ድምፅ አሰማ።

የልጅ ልጃችን ማይቴ ከጎን ወንበር ላይ ነበረች፤
ጥርሷን ፍሎራይድ ቀቧት፣ "ሙዝ ሙዝ ይላል" አለች።
ቡሩሽና የአሸዋ ሰዓት ይዛ ቤት ገባች፤
ከዚያች ማታ ጀምሮ ቤቱን ትገዛለች።
በርጩማ ላይ ቆማ፣ እጇን ወገቧ ላይ፦
"አያቴ! ክብ ክብ! ድድህ ሥር! አሸዋው አላለቀም እኮ!"
ከባህር ሥር ሁለት ሰዓት የሚቆየው ሰው
ሁለት ደቂቃ ከበደው።

ተነቃዩ ጥርስ ከመጣ ዛሬ ስምንተኛ ቀኑ።
ጠዋት ጎማውን ነከስክ፣ በዓይንህ አየኸኝ፣ ወረድክ።
ዝናቡ ቀጥሏል። ሞተሩ ይሠራል።
ገመዱ በእጄ ነው።