ዱካን ከመውሰድህ በፊት

ግባ ያፌት፣ ግባ። ጫማህን አታውልቅ፤
ካወለቅህ ግን ከፍ አርገህ ስቀል፣ ኋላ እኔን አትጠይቅ።
አትፍራው፣ ያሽትትህ፤ ወሬህን እያነበበ ነው፤
የት ዋልክ፣ ምን በላህ፣ ማንን ነካህ፣ የሱ ጋዜጣ ይሄው ነው።

ፎቶውን አይተህ ነው አሉኝ የመጣኸው፤
ጉበት መሳይ ጠጉሩን፣ የማር ቀለም ዓይኑን ነው የወደድከው።
እውነት ነው፣ ያምራል።
ሲተኛ።
ችግሩ፣ አይተኛም።

ሌላው የሰፈር ውሻ ሰንሰለት ይለምዳል፤
ቆርቆሮ በር ስር ጮሆ ያድራል፣ ተኝቶ ይውላል።
ዱካ ግን የአጥር ውሻ አይደለም፤
ሌባ ቢገባ አይነክስም፣ አይጮህም፤
እንዲያውም እቃህን በአፉ አንጠልጥሎ
እስከ ደረጃው ይሸኘዋል፣ ጭራውን ወዝውዞ፣ «ደህና እደር» ብሎ።

አያቶቹ ሦስት ሙያ ነበራቸው፦
በጠረኗ ተከትሎ ወፏን ማግኘት፤
ሳይነኩ፣ ሳይጮኹ፣ ቆሞ ማመልከት፤
የወደቀችውን ከውሃም ከእሾህም አውጥቶ፣ ላባዋ ሳይጎዳ ማምጣት።
ሦስቱም ደሙ ውስጥ አሉ። ጫካው ብቻ ነው የሌለ።
ምን ያድርግ? ከተማውን ጫካ ነው አለ።

በነሐሴ፣ ቀበና ድልድይ ስር፣ ወንዙ ደፍርሶ ሲወርድ
ዘሎ ገባ። ነፍሴ ከኔ ጋር አልነበረችም። ሲወጣ በአፉ አንድ
የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ክዳኑ እንኳን ያልተነካ፤
እግሬ ስር አስቀምጦ ቀና አለ፦ «ዳክዬህን እንካ!»
አመሰገንኩት። ማመስገን ግዴታ ነው፣ ያፌት፤
ከተቆጣኸው ሁለት ቀን ጀርባውን ይሰጥሃል፣ እንደ ተቀየመች እመቤት።

ሁዳዴ ሲገባ ሉካንዳው ይዘጋል። እሱ አይጾምም።
በቅበላ ሳምንት ማቀዝቀዣህን በሳንባ ሙላ፤
የጎረቤት ሐሜት ቻል፦ «ሰምተሻል? ሰውዬው በጾም በላ!»
ሐምሌ ይበርደዋል፤ የሹራቤን እጅጌ ቆርጬ ሰፋሁለት፤
ጆሮውን በየሳምንቱ ጥረግለት፤
የእብደት በሽታ ክትባቱን በየዓመቱ አስወጋለት።
በልቶ ሳይቆይ አታስሩጠው፣ ሆዱ ይጠማዘዛል፤ ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ይገድላል።

አንድ ግራ ጫማ፣ የእድሩን ደብተር፣
የጋሽ ወልደሰንበትን የከዘራ እጀታ፣
የሶፋውን ሆድ፦
ሁሉንም የበላው እኔ ሳልሮጥ በዋልኩባቸው ቀናት ነው።
ውሻ በበላበት ይጮኻል ይላሉ፤
ይሄ ባልሮጠበት ነው የሚጮኸው።

አንድ ቀን ግን፣
አራት ኪሎ፣ ሥራ መግቢያ ሰዓት፣ ታክሲው ሁሉ ሲጣደፍ፣
ዜብራው መሃል ቀጥ አለ።
የፊት እግሩን አጠፈ፣ ጭራው እንደ ማስመሪያ፣
አፍንጫው ወደ አንዲት እርግብ።
ሹፌሩ ጡሩምባ ነፋ።
ወያላው አንገቱን አወጣና «ይሄ ደግሞ ሐውልት ነው እንዴ!» አለ።
ዱካ ትንፋሽ የለውም።
ከዚያ የሆነውን እንዴት እንደምነግርህ አላውቅም፤
ወያላው ዝም አለ፣ ሹፌሩ እጁን ከጡሩምባው አነሳ፣
ሎተሪ አዟሪውም ቆመ፣
ሁላችንም እርግቧን አየናት።
በየቀኑ የምንረግጥባትን፣ የምናልፋትን እርግብ።
አንገቷ ላይ ሐምራዊ አለ፣ ያፌት።
ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ ያን ቀን አየሁት።

እንግዲህ ጉልበቴ እምቢ አለ።
ሐኪሙ «ደረጃ ቀንስ» ይለኛል፤
ግንፍሌ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው!
እሱ ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት አልጋዬ ጎን ቆሟል፣
ገመዱን በአፉ ይዞ።
ሰዓቴን አታይም፤ እሱን ነው የማየው።

አሁን አትመልስልኝ።
ነገ አስራ አንድ ሰዓት ጃንሜዳ ና፣ የሩጫ ጫማህን አስረህ፤
ቢዘንብም፣ ሰርግ ቤት አምሽተህም ቢሆን፣ ሳታመካኝ፣ ሳትተኛ ነግተህ።
ከመጣህ ገመዱ ያንተ ነው።
ከቀረህ አልቀየምህም።
ሌሊቱን ሙሉ እንድትቀር ስለምን ነው የማድረው፣
እንድትመጣም።