የሌባው ካፖርት

ከፒያሳ ቁልቁል በእግሬ ወርጄ፣
ከሆስፒታሉ በር ደረስኩኝ ማልጄ።
ተራ መጠበቁን ድሮም ነው የለመድኩት፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደጅ ነው የቆምኩት፤
ይልቅስ ወንበር ነው፣ ሲሰጡኝ፣ የሚጨንቀኝ፣
«ተነስ!» የሚል አለቃ ከኋላ የሚመጣ የሚመስለኝ።

ሐኪሟ ስሟም ማኅደር፤ ማኅደሬን ገልጣ
አየች፣ ደግማ አየች፣ ዝም አለች ተቀምጣ።
«መድኃኒቱን፣ ጋሽ አንለይ፣ ያቋርጣሉ እንዴ?»
«አንድም ቀን! ሦስት ሰዓት ሲል ክኒኑ ከሆዴ።»
«ቫይረሱማ ተኝቷል፣ ማሽኑም አላየው፤
ሲዲ ፎርዎ ነው እንጂ፣ ስድስት ዓመት፣ ፈቀቅ ያላለው።»

ምን ዓይነት ቀበሌ ነው ይሄ፣ ሌባው ተኝቶ፣
ዘበኛው የሚገኝ ጠዋት ጠዋት ሞቶ?

ከቀጠሮ ካርዴ ጀርባ ክብ ክብ ሣለች፤
«ይሄ ዘበኛ ነው፣ ይሄም ሌላ ዘበኛ» አለች።
(ለሁሉም እንዲህ ነው የምትል፣ ወይስ ሥራዬን አይታ?)
«ቫይረሱ ሲባዛ፣ ከልብሱ ቁራጭ ይጥላል፤
ቁራጩ ጤነኛው ዘብ ትከሻ ላይ ይለጠፋል።
የቀሩት ልብሱን ያያሉ፣ ሰውየውን አያዩም፤
ያንን ምስኪን ሳይጨርሱ እጃቸው አይመለስም።
ልማድ ሆኖባቸው ይሆናል፣ ሌባው ተኝቶም ካበቃ በኋላ፤
ይህ ከሚጠረጠረው አንዱ ነው፤ ገና ይጠናል፣ አለ ሌላ።»

እስከዚህ ሰማኋት። ከዚህ በኋላ አልሰማኋትም።

ሐምሌ ነው። ከሲኒማው ጀርባ፣ ከወርቅ ቤቶቹ መደዳ፣
መብራት ሄዷል፤ ዝናቡ የሚወርደው እንደ ዕዳ።
አምስት ነን፣ በየበራችን፣ በፉጨት የምንግባባ፦
አንዴ ሲሆን እኔ ነኝ፣ ሁለቴ ና፣ ሦስቴ ሌባ።
በዚያ ሰሞን አንድ ሌባ ነበር፣ ካፖርቱ ረጅም፣ ግራጫ፣
ሦስት ሱቅ የሰበረ፣ ሁሌ የሚያመልጠን በሩጫ።
ያን ሌሊት ጡሚሶ ያዘው። በኮሌታው። ብቻውን።
እንደ እባብ ሾለከና ጣለበት ቆዳውን፤
ካፖርቱ ከነእርጥበቱ ጡሚሶ ራስ ላይ ወደቀ፣
ባለቤቱ ቁልቁል ወደ ዶሮ ማነቂያ ዘለቀ።
ጡሚሶ ሦስቴ አፏጨ። እሱው ነው የጠራን።
ደረስን። ካፖርት አየን።
ዱላ አላነሰን።

ስም መልአክ ያወጣዋል ይላሉ፤ አንለይ አሉኝ፣
እኔም አልለየሁ። ከፊት የነበርኩት እኔ ነኝ።
ከጨርቁ ሥር አንዴ ሊያፏጭ ሞክሮ ነበር፤
በተተረተረ ከንፈር
ፉጨት የለም።

አልሞተም። ግራ ጆሮው ቀረ።
ድንጋይ ተሸክመን እግሩ ሥር ወደቅን።
በሦስተኛው ሳምንት፣ ፋሻውን እንዳሰረ፣
ዱላውን ይዞ መጣ፤ ከኛው ጋር በሩ ላይ አደረ።
«ጨለማ ነበር» አለ። ሌላ አልጨመረ።
ነፍሱን ይማር፣ በኋላ የወሰደው ሌላ በሽታ ነው።

«ጋሽ አንለይ፣ ምነው አለቀሱ?» አለችኝ ማኅደር።
«አደራ ልጄ፣ ደሜን እንዳትቆጭብኝ፤ ጨለማ ነበር።»

ሽቅብ ስመለስ ወርቅ ቤቶቹ የሉም፤ ፈርሷል መደዳው፤
ቆርቆሮ አጥር፣ አዲስ አስፋልት፣ መብራት ብቻ ነው ሜዳው።
የምጠብቀው በር የለኝ።

ማታ ሦስት ሰዓት። ክኒኔን ዋጥኩ፣ መብራት አጠፋሁ፣
እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጨለማውን ሰማሁ።
በየበራቸው ቆመዋል፣ የቀሩት፣ ዱላቸውን እንደጨበጡ።
ከንፈሬን አሹዬ፣ ወደ ውስጥ፣
አንዴ አፏጨሁ።
አንዴ ብቻ።